የእማማ መዲና ዱዓ

ፎቶ አንሺው ዘይኑልአቢዲን ፒያሳ ባለው ስቱዲዮው ከሰቀላቸው ፎቶዎች ሁሉ የእማማ መዲናን ያህል የሚወደው የለም። ቦሩ ሜዳ፣ የልጃቸው ኒካህ ዕለት፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ካሜራ የያዘውን እሱኑ ሲመርቁት ነው ያነሳቸው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለካላንደር ብሎ ሲለምነው ፎቶውን ሰጠ።

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ሲወርድ እማማ መዲና አስፋልት ዳር ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሰቅለዋል። ሰርገኛው በሙሉ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከግርጌው «እጃቸውን ዘርግተው እርዳታዎን ይጠብቃሉ» ይላል። ደሙ ፈላ። ድርጅቱ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ «ሴትየዋ ዱዓ እያደረጉ ነው! የለመናችሁትስ እናንተ! የወሎ ሰው እንዴት ይሄ ይጠፋዋል?» ብሎ ጮኸ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «እጅ ያው እጅ ነው፣ ወንድሜ።»

እንደጦፈ ለእማማ መዲና ሊነግራቸው ቦሩ ሜዳ ወጣ። ለካ ወሬው ቀድሞታል፤ ጽሑፉን ግን ማንም አላነበበላቸውም። «ኮምቦልቻ ላይ አክብረው ሰቅለውኛል አሉ!» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። «እነሱንም አላህ ያክብራቸው!»

ቤተሰቡ ሁሉ «አሚን!» አለ። ዘይኑልአቢዲን ጥርሱን ነከሰ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእማማ መዲና ዱዓ አሚን ሳይል ቀረ።