ለእሳት የተሰጠው ሁለተኛው ወረቀት

ልባም አንባቢ ሆይ፤ ከሰው ልጅ ሕማማት ሁሉ የከፋችው ቅናት ናት፤ ቍጣ በጩኸት፥ ሐዘንም በእንባ ሲወጡ፥ እርሷ ግን በአንጀት ውስጥ ጎጆዋን ቀልሳ ያሳደራትን ሰው ራሱን ትለበልበዋለችና።

በምዕራብ አየርላንድ፥ ነፋስ ዕረፍት በማያውቅበት የባሕር ዳርቻ፥ ፊያክራ የተባለ ትጉህና ዝምተኛ ገበሬ ነበረ፤ ታላቅ ወንድሙ ኮልማን ግን በጐልማሳነቱ ወደ አውስትራልያ ተሰድዶ፥ በአንደበተ ርቱዕነቱ የሕዝብ እንደራሴ ለመባል በቃ። አረጋዊት እናታቸውን ጎብኔትን የሚጦር፥ ከረግረግ ተቈፍሮ ሲደርቅ እንደ ኵበት የሚነደውን ጥቍር አፈር ለምድጃዋ የሚያከማች፥ ወገቧ ሲይዛትም አዝሎ ቅዳሴ የሚያደርሳት ፊያክራ ነው፤ ዳሩ ምን ያደርጋል! ጎረቤቱ ሁሉ «የእንደራሴው እናት፥ እንደምን ሰነበቱ?» ይላታል እንጂ፥ «የፊያክራ እናት» ያላት አንድ ስንኳ አልተገኘም። ይህን በሰማ ቍጥር አንጀቱ እርር ይል ነበር።

የኮልማን መልእክት በየዓመቱ ለገና ይደርሳል፤ እናቲቱ ፊደል አልቈጠረችምና አንባቢዋም ጸሐፊዋም ፊያክራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወረቀት መጣ፤ አንደኛው የእናት ናፍቆት፥ ሁለተኛው የምርጫውና የጭብጨባው ዜና ነበረ። «ደግሞ በየዓመቱ ጉራውን ልስማለት!» አለ ፊያክራ በልቡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን እያነበበ፥ ሁለተኛውን ሳይገልጥ እሳት ውስጥ ይማግደው ነበር። እናቱ ስትጠይቀው «መጠቅለያው ነው» ይላታል።

ወረቀቱን ማቃጠል በጀመረ በስምንተኛው ዓመት ክረምቱ ስለ በረታ ማገዶው ርሶ ነበር፤ እሳቱም ይጨሳል እንጂ አይነድም። ጎብኔት ልጇ የማገደውን ሁለተኛውን ወረቀት ሳይቃጠል በጉጠት አወጣችና፥

«ልጄ፥ መጠቅለያ እንዲህ ጽሕፈት ይበዛበታልን? አንብብልኝ» አለችው።

ማምለጫ አጣና አነበበ። «ወንድሜ ፊያክራ ሆይ፤ ከምርጫዬ ዜና ወዲህ በሁለተኛው ወረቀት ለአንተ ብቻ ስጽፍ ይኸው ስምንተኛዬ ነው። የእናታችንን ቃል ትጽፍልኛለህ፤ የራስህን ግን አንዲት መስመር እንኳ ነፈግኸኝ። ከአገር የመጣ ሰው አዝለህ ቅዳሴ እንደምታደርሳት ቢነግረኝ፥ በሺህ ሰው ጭብጨባ መካከል ቆሜ ቀናሁብህ። ዘንድሮም ዝም ካልኸኝ፥ ወንድምነቴን ጠልተሃል ብዬ ሁለተኛ አልጽፍም።»

ፊያክራ «ቀናሁብህ» የሚለውን ቃል ደግሞ ደጋግሞ አየው፤ ያ የእርሱ የብቻው ቃል ይመስለው ነበር።

«ሰባቱስ?» አለች እናቱ።

«አመድ ሆኑ፥ እማዬ።»

«አመዱንማ በየበልጉ ለድንቹ መደብ የበተንሁት እኔ ነኝ፤ አብረን በልተነዋል። በል ተቀመጥና ጻፍ፤ ዛሬ በእኔ ቃል አይደለም፥ በራስህ ቃል።»

ተቀመጠ፤ «ወንድሜ ሆይ» ብሎም ጀመረ፤ ለስምንተኛው መልስ አገኘለት፥ ለሰባቱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ቃል አጣላቸው፤ ቀናተኛ የባላንጣውን ክብር ያቃጠለ ሲመስለው፥ ለራሱ የተላከውን ፍቅር ያነድዳልና።