የአውራ ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ወንድም ስድስት ዓመት አብልታዋለች። ይሄ ሳይነገር ከታለፈ ቂሟ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላልና ከዚሁ እንጀምር። ባሏ በሕይወት ሳለ ወንድምየው ሥራ ፈትቶ መጣ፤ ለሁለት ሳምንት ተብሎ ገባ፣ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ልብሱን አጥባለታለች፣ ሱሪው ሲቀደድ ጠግናለታለች፣ ሚስት ሲያገባ የሙሽራ ሱፉን የሰፋችለትም እሷ ናት። ሰውየው ብብቱ ሥር ቢጫ ፋይል ሳይሸጉጥ ከቤት አይወጣም። ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ያየ ሰው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን «ባለፋይሉ» እያለ ይጠራዋል። ምላሱ ቅቤ ነው። ከቢሮ ቢሮ መዞር፣ ጸሐፊ ማሳቅ፣ ማህተም ማስመታት ያውቅበታል፤ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለም።

እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናዋን ይዛ ተቀምጣለች። ዝናብ ሲመጣ መኪናዋን በላስቲክ ትሸፍንና ራሷ ትበሰብሳለች። በአካባቢው ካሉ ተማሪዎች ዩኒፎርሙ በእሷ እጅ ያላለፈ የለም ማለት ይቻላል። እና አንድ ቀን መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የማይመለስ ድጋፍ ሊሰጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። አምስት ሆኖ ለተደራጀ አዳራሽ፣ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዎች፣ የመቁረጫ ጠረጴዛና ጨርቅ በየጣቃው ይሰጣል ይላል። ሰፊዋ ማስታወቂያውን ሁለቴ አንብባ ቀጥታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ልብስ አጣቢዋ ሄደች። በሳምንት ውስጥ አምስት ሴቶች ሆኑ።

እቅዱን የጻፈችው እሷ ናት። ናሙና ይቅረብ ሲባል ሸሚዝና ሱሪ ሰፋች፤ ፓተርን ይያያዝ ሲባልም ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመቻቸውን የልኬት ወረቀቶች ከሳጥን አወጣች። ከስድስት ዓመት ልጅ እስከ አሥራ ስድስት፣ እያንዳንዱ በወፍራም ወረቀት የተቆረጠ፣ ጠርዙ በእጇ መነካካት ብዛት የለሰለሰ ነው። ለቢሮ ሥራ ግን እግሯ አይታዘዝላትም፤ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው ስታይ ቃል ይጠፋባታል። ባለፋይሉ ታዲያ በረንዳው ድረስ መጣና እህት ዓለም፣ አንቺ ምን አደከመሽ፣ ያለሁት ለመቼ ነው አላት። እሷም የሥጋ ዘመድ ነው ብላ ሁሉንም አስረከበችው። አይ የዋህነት!

ከሦስት ወር በኋላ ያለፉት ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ወጣ። የማህበሩ ሰብሳቢ የባለፋይሉ ሚስት ነች። የሚስቱ እህትና ሁለት የአክስቷ ልጆች ተጨምረዋል። ከፊተኞቹ አምስት የቀረችው ልብስ አጣቢዋ ብቻ ናት፤ እሷንም ያስቀራት ካውያ የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። የሰፊዋ ስም ውሃ በልቶታል። ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ድጋፉን የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ገባች። ኃላፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጸጥ ያለች ሴት ናት። ፋይሉን ገልጣ አየችና፣ እርስዎ የራስዎ የስፌት መኪና ስላለዎት፣ ገቢም ስላለዎት ድጋፉ አይመለከትዎትም፤ ይህንንም የባለቤትዎ ወንድም በጽሑፍ አሳውቀውናል አለቻት። ወረቀቶቹስ? ፓተርኑ የሰብሳቢዋ የእጅ ሥራ ነው ተብሎ ተፈርሞበታል። የእኔ ነው ብትል፣ ማስረጃ ያምጡ ተባለች። ለገዛ እጅ ሥራ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ኃላፊዋ አዝና ነው መሰል አንድ መንገድ ነገረቻት። ማህበሩ መጀመሪያ የሚሠራው ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች የሚታደል ዩኒፎርም ነው። ያ ሥራ ተመርምሮ ካለፈ አዳራሹም ዕቃውም ለእነሱ ይጸናል፤ ከወደቀ ለተጠባባቂ ማህበር ይተላለፋል። ሰፊዋ በነጋታው ከወደቁት ሦስቱንና አንዲት የማታውቃትን ጠርዝ ዘምዛሚ ይዛ በተጠባባቂነት ተመዘገበች። ኃላፊዋም በዚያው ሰሞን የተለወጠ መመሪያ ጠቅሳ፣ አሮጌ የእግር መኪና እንደ ሀብት እንደማይቆጠር አረጋገጠችላት። ከዚያ በኋላ ሰፊዋ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሰው ስለ ባለፋይሉ ሲያነሳባት፣ እግዜር ይስጠው ብላ ክሯን ትበጥሳለች። እንዲህ ስትል የሰሟት ሁሉ ይቅር አለችው ብለው አደነቋት። የቋጠረችውን ቂም ቢያዩ ኖሮ ሰላምታም ይከለክሏት ነበር።

ልብስ አጣቢዋ አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች። ትቼላቸው ልውጣ እንዴ አለቻት። ልብስ በማጠብ ብዛት ያበጡ ጣቶቿን እያሻሸች፣ ልጄን ለማስተማር ሌላ በር የለኝም እኮ አለች። ሰፊዋም ሥራሽን ሥሪ ብላ ሸኘቻት። ከልቧ ነበር።

አዳራሹ ሥራ ሊጀምር ሰሞን ባለፋይሉ ዓይኑን በጨው አጥቦ በረንዳው ላይ ከች አለ። ኃላፊዋ ስለ ሰፊዋ አቤቱታ ጠይቃው ኖሮ፣ ታርቀናል ብሏት መጥቷል። እስቲ መጥተሽ ባርኪልን፣ ሰው ምን ይለናል፣ የአንድ ቤት ሰዎች ነን ይላል። ሰፊዋ መቀሷን አስቀምጣ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች ራሷም በደንብ አላወቀችውም፤ አዳራሹን ለማየት ሳይሆን አይቀርም።

አዳራሹ ውስጡ ጽድት ያለ ነው። መስኮቶቹ ትልልቅ፣ ብርሃኑ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ፣ መኪናዎቹ ገና ላስቲካቸው አልተነሳም። እሷ እድሜዋን ሙሉ የጓጓችው ለዚህ ክፍል ነበር። በረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ሃምሳ ድርብ ሆኖ ተነጥፏል። በላዩ ላይ የእሷ ወረቀቶች ተደርድረዋል። ሁለቱ የአክስት ልጆች ዙሪያቸውን በጠመኔ እያሰመሩ ነው፤ ጠመኔው የወረቀቱን ጠርዝ እየላሰ ይሄዳል። ጠርዙን፣ ልክ ጠርዙን።

ሰፊዋ ቆም አለች። የእሷ ወረቀት ለስፌት የሚተወውን ትርፍ አልያዘም። ሙያውን ያስተማረቻት እናቷ ትርፍ በወረቀት አይቆረጥም ትል ነበር። የሚተረተር ጨርቅ ብዙ ይፈልጋል፣ ጠንካራው ጥቂት ይበቃዋል፣ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ጫፉ ላይ ይታሰብለታል። ስለዚህ ወረቀቱ ባዶ ልኬት ነው፤ ትርፉን ሰፊዋ ሁልጊዜ በአውራ ጣቷ ስፋት እየለካች ከወረቀቱ ውጭ ታሰምራለች። እነዚህ ልጆች የሦስት ወር ሥልጠና ወስደዋል፤ እዚያ የሚታደለው ፓተርን ትርፉን ይዞ የተዘጋጀ ስለሆነ ጠርዙን ይዞ መቁረጥ ነው የተማሩት። ወረቀት ሁሉ አንድ መስሏቸዋል። እንዲህ ከተቆረጠ እያንዳንዱ ስፌት ከግራም ከቀኝም ከልብሱ ላይ ይበላል፤ የአሥር ዓመቱ ልብስ ለአሥር ዓመት ልጅ አይገባም። ስድስት መቶ ልብስ ነው።

አውራ ጣቷ ሳታዝዘው ተነስቶ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አረፈ። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። የመቁረጫው ኤሌክትሪክ ገና አልተሰካም፤ ጠመኔ ደግሞ በመዳፍ ይጠፋል። ጥግ ላይ ካውያ ይዛ የቆመችው ልብስ አጣቢዋ ጣቷን አየች። ባለፋይሉ ፋይሉን ከብብቱ ወደ ብብቱ አዛውሮ ተጠጋት።

«እህት ዓለም፣ አንቺ የሙያው ሰው ነሽ። የጎደለ ነገር አለ?»

በአንድ ጊዜ ሁሉም መጣባት። ስድስት ዓመት የተነጠፈለት ፍራሽ። የሙሽራ ሱፉ። የራሷ መኪና ስላላት አይመለከታትም ብሎ የጻፈበት እጁ። ዩኒፎርም የሚጠብቁትን ልጆችም አሰበች፤ አልዋሽባትም፣ አስባለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት ምን ይለብሳሉ አለች በሆዷ። ከዚያ ያን ሐሳብ ወደ ጎን ገፋችው።

«ምንም አልጎደለም» አለችው። «እጃችሁ ይባረክ።»

ደጅ ስትደርስ የመቁረጫው ድምፅ ተሰማት። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያን ዕለት እርምጃዋ ቀሏት አያውቅም።

የዩኒፎርሙ ምርመራና ርክክብ የሆነው አዳራሹ ውስጥ ነው፣ ረፋድ ላይ። እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ የልኬት ዝርዝሯን ይዛለች፤ ልጆቹን ባለፈው ወር የለካችው ራሷ ናት። ሰፊዋ የተጠባባቂነት ወረቀቷን ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። መጀመሪያ የተጠራችው የአሥር ዓመት ልጅ ሸሚዙ አንድ እጇን አስገብቶ ሁለተኛውን እምቢ አላት። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ የመጣው ልጅ ሱሪው ጭኑ ላይ ቀረበት፤ ዘሎ ሊያስገባው ሞከረና አንዱ ስፌት ተተረተረ። አሁንም ጥቂት ሰው ሳቀ። አምስተኛው ላይ የሚስቅ ጠፋ። አንዲት እናት ሸሚዙን ከልጇ ላይ አውልቃ በጥንቃቄ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

ልጅ እኮ በወር ያድጋል፣ ክረምቱ ተመችቷቸው ነው አለ ባለፋይሉ እየሳቀ። ኃላፊዋ አልሳቀችም። አንዱን ሸሚዝ ገልብጣ ስፌቱን አየችና ወደ ሚስቱ ዞረች። ለስፌት ምን ያህል ትርፍ ነው የተዋችሁት ብላ ጠየቀቻት። ሚስትየው ባሏን አየች። ባሏም ጉድ ነው፣ ፋይሉን ከፈተ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ፋይሉ ውስጥ የተያዘው ሌላ ነገር አልነበረም፣ ባዶ ፎርም ብቻ ነው። ያን ባዶ ፎርም እያገላበጠ የስፌት ትርፍ ይፈልግ ጀመር።

ቀና ሲል ሰፊዋን በሩ ላይ አያት።

«ወረቀቱ የእሷ ነው!» አለ በጣቱ እያሳየ። «ፓተርኑን የሠራችው እሷ ናት፣ ሚስቴ የለችበትም። አበላሽታ ሰጥታን ነው። መጥታ አይታ ምንም አልጎደለም ያለችውም እሷ ናት!»

ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ደረቷ ላይ ለቀቀችው።

«ፎርሙ ላይ ግን ‹የባለቤቴ የእጅ ሥራ ነው› ብለው ፈርመዋል» አለችው።

አፉን ከፈተ፤ ያ ምላሱ ከዳው። ማስረጃ ያምጡ ተብላ ያጣችውን ማስረጃ እሱ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ በስንት ሰው ፊት አስረከባት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዝግ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ የአሥር ዓመቱን ወረቀት አነሳች፣ ከተራረፈው ጨርቅ ላይ አስቀመጠች። አውራ ጣቷን ጠርዙ ላይ እያሳረፈች ዙሪያውን አሰመረች። ቆረጠች፣ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ በኤሌክትሪክ መኪና ሰፍታ ባታውቅም እግሯ ወዲያው ለመደው። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃት፤ አንድም የሄደ የለም። ሸሚዙን ያቺ መጀመሪያ የተጠራችው ልጅ ለበሰችው፣ እጆቿንም ወደ ላይ ዘረጋቻቸው። ባለፋይሉ በየት በኩል እንደወጣ ያየው አልነበረም።

አዳራሹ በደብዳቤ ለሰፊዋ ማህበር ተላለፈ። በአባልነት መጀመሪያ የጻፈቻት ልብስ አጣቢዋን ነው። የአሥር ዓመቱን ልብስ ተርትረው ለስምንት ዓመት ልጅ፣ የስምንቱን ለስድስት እያደረጉ አስተካከሉት፤ ለትልልቆቹ ግን ጨርቅ አልተረፈም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ትልልቆቹ ባለፈው ዓመት አሮጌ ልብሳቸው ሄዱ፤ ከነሱም አንዷ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ናት። ሰፊዋ ወረቀቶቿን መንገዱን በሚያየው መስኮት አጠገብ በምስማር ሰቀለቻቸው፣ ባለፋይሉ ሲያልፍ እንዲያያቸው። እሱም ያን መንገድ ትቶ በጓሮ መዞር ጀመረ። ይሄም ደስ ይላታል፤ አልደበቀችውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ልብስ አጣቢዋ ካውያውን አቆመችው።

«ያን ቀን ጣትሽን አይቻለሁ» አለች። «አውቀሽ ነበር?»

ሰፊዋ መዋሸት ትችል ነበር፤ ለሷ ግን አልቻለችም። «አውቄ ነበር።»

«እኔም እኮ እዚያው ውስጥ ነበርኩ። ሥራው ወድቆ አንቺም ባታስቢኝ ኖሮ፣ ልጄን ይዤ የት ነበር የምገባው?»

ሰፊዋ አስቀድሜ የጻፍኩት ያንቺን ስም አይደል ልትል አሰበችና አፏ ላይ ቀረ፤ ያኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ያየችው ባለፋይሉን ብቻ ነበር። ልብስ አጣቢዋ ካውያውን መልሳ አነሳች። ሥራዋን እንደ ወትሮው ጥንቅቅ አድርጋ ጨረሰች። ማታ ሲወጡ ሃያ ዓመት «አንቺ» ስትላት የኖረችው ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ ደህና ይደሩ አለቻት።