ያልሳቀው ዘበኛ

ፊልሙን አይቼው አላውቅም፤ የሰማሁት ግን አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ዓይኔ በሰሊጥ አቧራ ከተጎዳ ወዲህ፣ በእጅ ስልክ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ለእኔ ትንኝ ነው። ስለዚህ እሑድ ከቀትር በኋላ እዚህ ሱዳን በሰሊጥ እርሻው ካምቦ ያለው ሠራተኛ ሁሉ እንዳለው በሚባለው ልጅ ስልክ ዙሪያ ሲጋፋ፣ እኔ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ጆንያ ላይ ጋደም ብዬ አዳምጣለሁ።

ስልኩም፣ ፊልሙም፣ ትርጉሙም የእንዳለው ነው። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከእኛ መካከል ስምንተኛ ክፍል የደረሰ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ የአንድ ሰላይ ታሪክ ነው። ሰላዩ የውሸት ጢም ለጥፎ፣ ከበሮ መቺ መስሎ፣ ከአንድ ጄኔራል ሠርግ ይገባል። ባላበው ቁጥር ጢሙ ወደ አንገቱ ይንሸራተታል። ሰላይ መሆኑን የሠርግ ቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የሙሽራው ፈረስ እንኳ ሳይቀር። እሱ ግን እንደተደበቀ ነው።

ከነውሩ በፊት ደጉን ልናገር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ያጨደን ሰው ያለ አረቄ ማሳቅ ቀላል ነገር አይደለም። በፊልሙ ውስጥ የሚሞት የለም፤ ተኳሹ ሁሉ ይስታል። የምታሳፍር ቦታ አንዲት ብቻ አለች፤ እዚያች ላይ ሲደርስ እንዳለው መስታወቱን በመዳፉ ይሸፍነዋል ይላሉ። በእኔ በኩል ያው ነው።

ነውሩ ግን ብዙ ነው። ሰላዩ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ኬክ ላይ ያርፍና ተነሥቶ ጣቱን ይልሳል። የካምቦ ጓደኛችን ባንታምላክ ከቆመ ሎሪ ወድቆ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ፣ እስካሁን ያነክሳል። ደግሞም ፊልሙ መጨረሻ የለውም። ሰላዩ የወደዳት ሴት የጠላት ሰላይ ሆና ትገኛለች፤ ልታገባው ይሁን ልታስይዘው፣ አፏን ስትከፍት ቀጥ ይላል። ገልብጦ የሰጠው ሰው ካርዱ ሞልቶበት ነው አሉ። እንዳለው በየሳምንቱ የራሱን መጨረሻ ያበጅለታል። አንድ እሑድ እኔን ደስ ይበለው ብሎ ሴትየዋን አመነኮሳት።

ከሁሉ የሚያስቀው የበሩ ነገር ነው። ዘበኛው "ማን ነህ?" ሲለው፣ ሰላዩ ጢሙ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ "ሰላይ ነኝ" ይላል። ዘበኛው በሳቅ ይንፈራፈርና በሩን ይከፍትለታል። እዚህ ላይ እኔም ስቄአለሁ። የፊልሙ ትልቁ ስሕተት ይኸው መሆኑን አልጠረጠርሁም ነበር።

ሐሙስ ዕለት እንዳለው ጫማ ሊገዛ ከባንታምላክ ጋር ወደ ባሱንዳ ገበያ ወጣ። ረፋዱ ላይ ባንታምላክ ብቻውን እያነከሰ፣ ሊሮጥ እየቃጣው ተመለሰ።

"እንዳለው ተያዘ" አለ።

"በምን?"

"ኬላው ላይ ወታደሩ 'ሥራህ ምንድን ነው?' አለው። 'ጃሱስ ነኝ' አለ።"

ጃሱስ በዐረብኛ ሰላይ ማለት ነው። ካርቱም ላይ ጦርነት ከገባ ወዲህ ይህን ቃል እኛ በሹክሹክታም አንናገረውም።

"ሳቁ?" አልሁት።

"አንዱ ሊስቅ ቃጣውና የጓደኛውን ፊት አየ። ከዚያ መሬት ላይ አስተኙት። ኪሱን ሲበረብሩ ያንተን ወረቀት አገኙበት፣ አያ አየነው።"

የትኛው ወረቀት እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ካምቦ የቤተ ክርስቲያን ደወል የለም፤ እርሻ ላይ የከረመ ሰው ቀን ይጠፋበታል። እንዳለው አንድ ጊዜ በሚካኤል ቀን ሰሊጥ ሲያጭድ ውሎ አመሻሽ ላይ ሲነግሩት ስላለቀሰ፣ የወሩን በዓላት በትልልቅ ፊደል ከነቁጥራቸው ጽፌ ሰጥቼው ነበር። ቁጥርና ስም፣ ቁጥርና ስም፣ ከላይ እስከ ታች።

የእርሻው ወኪል ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "አሥር ሰዓት ላይ የኬላው ሎሪ የተያዘ ሰው ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ይሄዳል" አለኝ። "ከዚያ በፊት ካላወጣኸው አትፈልገው።"

በእግሬ ስደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የቆርቆሮ ክፍል ነው። እስማኤል የሚሉት መኮንን ከጠረጴዛ ኋላ፣ ጸሐፊው ከጎኑ ተቀምጠዋል። እንዳለው እጁን ታስሮ መሬት ላይ ነው። ከጥጉ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ከኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ሥራ ፍለጋ በእግሩ የመጣ፣ ሃብቶም የሚባል ትግሬ ነው። መታወቂያ አልያዘም። ለሎሪው የተመደበ ሰው መሆኑ ከአቀማመጡ ያስታውቃል።

"ይህን ማን ጻፈው?" አለ መኮንኑ በዐረብኛ፣ ወረቀቱን አንሥቶ።

"እኔ ነኝ።"

እንዳለው ዓይኑን ጨፈነ።

"አንብበው።"

"አንድ፣ ልደታ። አምስት፣ አቦ። ሰባት፣ ሥላሴ …"

"ቀስ በል፣ ይጻፍ። ይኸ አቦ የት ነው የሚኖረው?"

"ዐርፏል ጌታዬ።"

"መቼ?"

"ቆይቷል።"

"ሃያ ሦስትስ?"

"ጊዮርጊስ።"

"ሥራው ምንድን ነው?"

በጊዮርጊስ እንዴት ይዋሻል? "ወታደር ነበረ" አልሁ።

"መሣሪያ አለው?"

"ጦር አለው። ፈረስም አለው።"

ጸሐፊው ቀና አለ። "የፈረሱ ቀለም?"

"ነጭ።"

"አያ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ዝም በል" አለ እንዳለው በአማርኛ።

መኮንኑ ግን ጣቱን ወረቀቱ ላይ አስቆመ። "አሥራ ሁለት ላይ ያለው ማነው?"

"ሚካኤል።"

"አሥራ ዘጠኝ?"

"ገብርኤል።"

"ሚካኢልና ጅብሪል? መላእክቱ?"

"እነሱ ናቸው። የበዓል ቀን መቁጠሪያ ነው ጌታዬ። ሠራተኛው በዓል እንዳይሽር ነው።"

"መላእክቱን አውቃቸዋለሁ" አለ። "ፈረሰኛውን ግን አላውቀውም። ይቆይ። ይኸስ?" ስልኩን ከፈተ። ፊልሙ የሚጀምረው ከጄኔራሉ ካርታና ከጠመንጃዎቹ ነው ይላሉ። "ምን እንደሚሉ ተርጉም" አለው እንዳለውን።

እንዳለው ላቡን በትከሻው ጠረገ። ሁለት ሰዎች ብዙ ተነጋገሩ።

"'ና' ይላል" አለ እንዳለው።

አንዱ ረጅም ነገር ተናገረ።

"'አይሆንም' ይላል።"

ሌላው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ተናገረ።

"'እሺ' ይላል።"

ያን ጊዜ ገባኝ። አሥራ አንድ እሑድ የሰማሁት ፊልም ከስልኩ ውስጥ አልነበረም። እንዳለው የሚያውቀው እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ነው፤ ሌላውን ከልቡ ነበር የሚያወጣው። አሁን ደግሞ ፍርሃት ልቡን ዘጋበት።

መኮንኑ ሰዓቱን አየ። ውጭ የሎሪው ሾፌር ሞተሩን እየሞከረ ነበር።

"ጌታዬ፣ ልጁ ደንግጧል" አልሁ። "እኔ ልናገር።"

አሥራ አራት ዓመት ሱዳን አርሻለሁ፤ ዐረብኛዬ የገበሬ ቢሆንም ይሠራል። ጀመርሁ። የእንዳለውን ፊልም፣ ቃል በቃል፣ በድምፁ ልክ። ጢሙ ሲንሸራተት፣ ፈረሱ ሲታዘበው፣ ኬኩ ሲፈርስ። በር ላይ ወታደሮች ተሰበሰቡ። ከጥጉም ድምፅ ሰማሁ፤ ሃብቶም ነው፣ በአፍንጫው የሚስቅ። እኔ ጆሮ ብቻ ያለኝ ሰው ነኝና አንድ ነገር አላመለጠኝም። ሃብቶም የሚስቀው እኔ ሳልናገር ቀድሞ ነበር። ስልኩን ነበር የሚሰማው።

በሩ ደረሰ። "'ማን ነህ?' ይለዋል ዘበኛው። 'ሰላይ ነኝ' ይላል።"

ከበር የቆመ አንድ ወታደር ሳቁ አመለጠው። እንዳለውን የያዘው እሱ ነበር። መኮንኑ ዞሮ ሲያየው አፉን በመዳፉ ያዘ።

"ይኸ ዘበኛ አህያ ነው" አለ መኮንኑ ፊልሙን አቁሞ። "እኔ ብሆን አስረው ነበር።"

"አስረኸኛልኮ ጌታዬ" አለ እንዳለው ከመሬት።

ቆርቆሮው በፀሐዩ ሲንጣጣ ይሰማል። ከዚያ የመኮንኑ ሆድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ አላወጣም፤ ዓይኑን ብቻ ጠረገ። "ፍቱት። እውነተኛ ሰላይ እንዲህ ያለ ፊልም ይዞ አይዞርም። ስልኩ ለምርመራ ይቆያል።" ወረቀቴንም "ተመርምሯል" የሚል ማኅተም መትቶ መለሰልኝ። ማኅተሙ ያረፈው ጊዮርጊስ ላይ ነው።

ወጣን። እንዳለው የእጁን ሰንበር እያሻሸ "ፊልሙ በጎ ነው ብዬህ ነበር" ይለኛል። ስላሳቀ ተፈታ እንጂ ንጹሕ ስለሆነ አልተፈታም። ሃብቶምም ንጹሕ ይመስለኛል፤ ግን ፊልም አልያዘም።

መቶ እርምጃ ሳንሄድ ያ የሳቀው ወታደር እየሮጠ ደረሰብን። እንዳለው ፊቱ አመድ ሆነ።

"ቁሙ። ፊልሙ ቀጥ አለ። ሴትየዋ ታገባዋለች? መኮንኑ ነው የሚጠይቀው።"

እንዳለው አፉን ከፈተ። ክንዱን ጨብጬ ያዝሁት።

"እኛ አናውቅም" አልሁ። "መጨረሻውን የሚያውቀው ያ ከጥግ የተቀመጠው ነው። እንግሊዝኛ ያውቃል። ረጅም ነው፣ ዛሬ አያልቅም በለው።"

ወታደሩ ተመልሶ ሮጠ።

"አያ" አለ እንዳለው፣ "ሰውየው ከየት ያመጣዋል?"

"አንተ ከየት ታመጣው ነበር?"

አሥር ሰዓት ላይ ሎሪው በመንገድ ደርሶ አለፈን። ቀና ብዬ ብመለከት አቧራ ብቻ ታየኝ። "ጆንያ ብቻ ነው የጫነው፣ ሰው የለበትም" አለኝ እንዳለው።

በሳምንቱ ባንታምላክ በኬላው ሲያልፍ፣ ሃብቶም በወታደሮች መካከል ሻሂ ይዞ ተቀምጦ አገኘው። ሴትየዋ ያን ቀን የጄኔራሉ የጠፋች ልጅ ሆና ተገኝታለች አሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ትሄዳለህ ብለውታል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላሉትም።

ውሸቴን ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርሁም። እስከዚያው ለሃብቶም እጸልያለሁ፤ የት ላይ እንደሚጨርሰው እንዲያውቅ።