የጾም ድስት

ነሐሴ 8 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም እኩሌታ፣ አምቦ ከተማ በአቶ ኤጄታ ቤት አራት ሰዎች ነበሩ፤ የቤቱ እመቤት ሙሉወርቅ፣ ከጌዶ የመጡት እናቷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ የኤጄታ ታናሽ እኅት ለንሳ፣ ከሚሠራበት ጤና ጣቢያ አስፈቅዶ ቀደም ብሎ የመጣው ኤጄታም ራሱ።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ልጃቸው ጴንጤ ካገባች ወዲህ ከቤቷ እህል ቀምሰው አያውቁም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ጦማቸውን ይመለሳሉ። የሚጠጡት ክዳኑ ያልተነካ አምቦ ውሃ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚከፍቱት በገዛ እጃቸው ነው። ኤጄታ አንድ ቀን፣ «እማማ፣ እርስዎ የተዛመዱት ከእኛ ጋር ሳይሆን ከውሃ ፋብሪካው ጋር ነው» ብሎ ቀልዶባቸዋል። ከልባቸው ሳቁ። ግን አልቀመሱም።

ዘንድሮ ዐይናቸው ደከመ። ሐኪም ቤት ለሐሙስ ቀጠሯቸው፤ አምቦ ማደር ግድ ሆነ። «ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ካለሽ፣ ከቤትሽ እበላለሁ» ብለው ላኩባት። ሙሉወርቅ ይህን ስትሰማ ቅዳሜ ገበያ በዝናብ ወጥታ፣ ሸክላውን ሁሉ እያንኳኳች ድምፁን ሰምታ፣ አንዲት ድስት መርጣ ገዛች። ማማሰያውንም አዲስ ገዛች። ከዚያ ድስቷን ለለንሳ ሰጥታ፣ «በኑግ ዘይት ቀብተሽ አሟሺልኝ» አለቻት። ያልተሟሸ ሸክላ እሳት ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል፤ ወጡንም ያንጠባጥባል።

ለንሳ የሙሉወርቅ የሐሙስ ተማሪ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ አማኝ ሴቶች ሙሉወርቅ ማድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እሷም ሥራዋን ሳታቋርጥ ቃሉን ታስተምራቸዋለች። ሽንኩርት ያለ ዘይት እያቁላላች፣ «አያችሁ፣ መጀመሪያ የራሱ ውሃ ካልወጣለት ዘይቱን አይቀበልም፤ እኛም ሳናለቅስ ጸጋው አይገባንም» ትላለች። ቅቤ ስታነጥር አረፋውን እየገፈፈች ስለ ኃጢአት ትናገራለች። ሴቶቹን አብዝቶ የሚያስቃቸው ግን የእናቷ ድስቶች ነገር ነበር። የእናቷን ድምፅ አስመስላ፣ «የፍስኩ ማማሰያ የጾሙን ድስት ነካ! አጥቢው! አሁንም አጥቢው!» ስትል ሴቶቹ ሆዳቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ረጋ ትልና፣ «ጌታ ግን ጓዳ ገብቶ ድስት አያሸትም። የሚያየው ልብን ነው» ብላ ትጨርሳለች።

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሽሮው ደረሰ። ሙሉወርቅ ክዳኑን ስትከፍት እንፋሎቱ ፊቷን መታት፤ ጎንበስ ብላ ደግማ አሸተተችው።

«ለንሳ፣ ይህችን ድስት በምንድን ነው ያሟሸሻት?»

«ኑጉ አልቆ ነበር፤ ውጭ ደግሞ ዝናቡ አላስወጣ አለኝ። ቅቤ ቀባኋት።»

«ቅቤ?»

«ትንሽ ናት እኮ። ታጥባለች፣ ጠፍታለች። ደግሞ አንቺው አይደለሽ ጌታ ድስት አያሸትም ያልሽን?» ለንሳ ፈገግ አለች። ሙሉወርቅ ስትቆጣ አይታ ስለማታውቅ ቁጣ መሆኑ አልገባትም።

«ዝም በይ። አንዳች ቃል እንዳትናገሪ።»

ከሳሎን የእናቷ ድምፅ መጣ። «ሙልዬ፣ ቅዳሴው ወጥቷል፤ አልደረሰም እንዴ? ዛሬስ የልጄን እጅ ልቅመስ!»

ሙሉወርቅ ሌላ ነገር መሥራት ትችል ነበር። ጎመን ነበር፣ ድንችም ነበር፤ ግን ድስቱ ሁሉ ቅቤ የሚያውቅ ነው። «ተበላሸብኝ» ብትል ደግሞ እናቷ ውሃቸውን ከፍተው ይተኛሉ፤ ሌላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ማን ይቆጥራል? ሽሮውን ከነድስቷ አወጣች። ማስታጠቢያውን ይዛ ገባችና ውሃውን በእናቷ እጅ ላይ አፈሰሰች።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ አማተቡ፤ ጎረሱ። ደገሙ። ኤጄታ ሚስቱን አየና ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«እንዲህ የሚጣፍጥ የጾም ሽሮ በልቼ አላውቅም» አሉ። «ምን አድርገሽበት ነው?»

«ምንም፣ እማዬ።»

«እማማ፣ እንግዲህ ፋብሪካው ይዘጋል» አለ ኤጄታ።

«ይዘጋ!» ብለው ሳቁ። ሙሉወርቅን አጎረሷት፤ ለንሳንም ጠርተው አጎረሷት። እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ የድስቷን ጎን ዳበስ አደረጉ። «ይቺን ስመለስ ይዣት እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ የገቡ ሴቶች አሉ፤ ሽሮ እየሠራሁ እወስድላቸዋለሁ። የልጄ ድስት ናት እላቸዋለሁ።»

ሙሉወርቅ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆመች።

«እማዬ፣ እሷን አትውሰጂ።»

«ሰሰትሽልኝ?»

«ቅቤ ነክቷታል። ስትሟሽ ነው የነካት።»

ለንሳ፣ «አዴ እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ኑግ አልቆብኝ...» ብላ ጀመረች። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ግን ፊታቸውን ወደሷ አላዞሩም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ክዳኑን ስከፍት።»

«ከመጉረሴ በፊት?»

«አዎ።»

ኤጄታ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም ይላል ቃሉ...»

«አውቀዋለሁ፣ ልጄ። እኛም ጋ ይነበባል።» ዝግ ብለው ተቀመጡ። «አስገደፋችሁኝ። እሱስ ሳላውቅ ነው፤ ንስሐ አባቴ ቀኖና ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ያልፋል። አንቺ ግን እጄን ስታስታጥቢኝ ታውቂ ነበር።»

ሙሉወርቅ ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች።

«እንድትበዪልኝ ብዬ ነው» አለች።

«ይኸው በላሁልሽ።»

ከተነጠፈላቸው አልጋ ሥር ያስቀመጡትን አምቦ ውሃ አወጡ፤ ራሳቸው ከፍተው በሩ ላይ ተጉመጠመጡ፤ ዝናቡ ላይ ተፉት።

በማግስቱ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ዐይናቸውን ሳይታዩ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ጌዶ ተመለሱ። የሐሙስ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ሙሉወርቅ ማድ ቤቱን አልከፈተችላቸውም።