ድርሻው አልወረደም

የሰው ባል ኳስ ይከታተላል፤ የእኔ ባል አንድ ቁጥር ይከታተላል። መንግሥት ለዕለት ተዕለት ሥራው የሚያወጣው ወጪ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ምን ያህሉን እንደሚይዝ የሚናገር ቁጥር ነው። ከፍ ሲል ራሱን ያመዋል፣ ዝቅ ሲል መታጠቢያ ቤት ገብቶ ያንጎራጉራል። የመምህሩ ደሞዝ፣ የነርሷ ደሞዝ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የቢሮው ሳሙና ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። መንገድና ግድብ ግን ሌላ ሂሳብ ነው ይለኛል። ይህን ሁሉ የማውቀው ወድጄ አይደለም፤ ራት አብሬው ስለምበላ ነው።

ባሌ የመንግሥት በጀት ባለሙያ ነው። ዘንድሮ አለቃው “ይህ ድርሻ ካልወረደ ፊቴ እንዳትቆሙ” ብሎ ቢሮውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። ባሌም ወር ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ጥናት ጻፈ። የመንግሥት ሆስፒታሎች የልብስ ማጠቢያ ሥራ በጨረታ ለግል ድርጅት ይሰጥ፣ ሠራተኞቹም ይሰናበቱ የሚል ነው። ሲጨርስ ሶፋው ላይ ተደላድሎ አነበበልኝ።

“እምዬስ?” አልኩት።

እምዬ የእናቱ ታናሽ እህት ናቸው። እናቱ ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። የሆስፒታል አንሶላ እያጠቡ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። አሁንም እዚያው ማጠቢያ ቤት ይሠራሉ።

“እኛ የምናየው አገርን ነው እንጂ አንድ ሰው አይደለም” አለኝ።

አገር የሰው አይደለም እንዴ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጥናቱ ከተወደደ የደረጃ እድገት እንደሚያገኝ ነግሮኝ ስለነበር ዋጥ አደረግኩት። እንግዲህ እኔም ያው ነኝ።

ጥናቱ ተወደደ። አንድ እሑድ ጠዋት እምዬ መጡ። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይነኩት ወደ ባሌ ዞሩ።

“ልጄ፣ ከእናንተ መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣ ይላሉ። ሁላችንንም ሊያሰናብቱን ነው አሉ። እስቲ ማን እንደጻፈው አጣራና አናግርልን። ሰው አይደለም እንዴ፣ ቢነግሩት ይሰማል።”

“እሺ እምዬ፣ አጣራለሁ” አለ።

አጣራለሁ! ዓይኑን በጨው አጥቦ! እኔ ዕቃ የማነሳ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የማጠቢያ ቤቱ ሴቶች፣ እምዬም ጭምር፣ ተሰናበቱ። የሩብ ዓመቱ ቁጥር ሲወጣ ባሌ ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

“ምነው? ምን ሆንክ?”

“አልወረደም።”

“ምኑ?”

“ድርሻው። ባለበት ነው።”

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ለድርጅቱ የሚከፈለውም ያው የመንግሥት ወጪ ነው። ደሞዝ ከሚለው መስመር ወጥቶ የአገልግሎት ግዢ ከሚለው ገባ እንጂ ከድምሩ አልወጣም። ከሴቶቹ ደሞዝ የተረፈችውንም የድርጅቱ ትርፍ በላት። ይህን ለአዲስ ተቀጣሪዎች የሚያስተምረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው! ግን አለቃው ጠዋት ማታ የሚጠይቀው “ደሞዙ ስንት ደረሰ?” እያለ ስለሆነ፣ የተማረ ሰው የሞላበት ቢሮ አንዷን መስመር ብቻ ሲያይ ከረመ። ወር ሙሉ የደከመው ውሃ ሲወቅጥ ነበር። ውሃውስ ባልከፋ፤ ሙቀጫው ውስጥ ሰው ነበረበት።

“ለእምዬ ንገራቸው” አልኩት።

“በምን አፌ?” አለ።

እኛ ሳንሄድ እሳቸው መጡ። ድርጅቱ ከነባሮቹ ጥቂቶቹን መልሶ ቀጥሮ ኖሯል። ማጠቢያ ቤቱ ያው፣ ማሽኑ ያው፤ ደሞዙ ግን ግማሽ ነው፣ ጡረታም የለው። እምዬ ከተመለሱት አንዷ ነበሩ። ገና ሳይቀመጡ ባሌን ግንባሩን ሳሙት።

“አጣራለሁ ብለኸኝ ቃልህን ጠበቅህ። ከፍ ከፍ በል! ክፉ አይንካህ!”

“አሜን” አለ ባሌ። እኔም አፌ ለምዶበት “አሜን” አልኩ።

“ግን አደራ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አስገባኋት ብለህ ለማንም እንዳታወራ። አፍሬያለሁ፣ ልጄ። የቀሩት ሴቶች በዘመድ ተመለሰች ይሉኛል፤ ደግሞ እውነታቸውን ነው። አንዷማ ዕድሜ ልኳን አጠገቤ ቆማ አንሶላ ስትጨምቅ የኖረች፣ አራት ልጆች ያሏት ናት። ትናንት መንገድ ላይ ሳያት ሱቅ ገብቼ ተደበቅኩ።”

ይህን ሲሉ ሳሙና የበላው እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሸጉት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

“እምዬ፣ ማፈር ያለብዎት እርስዎ አይደሉም” አልኩ።

“ታዲያ ማን ይፈር?”

ባሌን አየሁት።

“እኔ” አለ። “ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እምዬ። አንቺን ያስመለስኩሽ ደግሞ እኔ አይደለሁም። ማንንም አላናገርኩም።”

እምዬ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉና ጉንጩን ዳበሱት።

“ተው ተው፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ስምህን አታጥፋ። እኔ ያሳደግኩት ልጅ እንዲህ አያደርግም።”

“እውነቴን ነው እምዬ! ወረቀቱን ላሳይሽ?”

“አያደርግም አልኩህ እኮ!” አሉ ቆጣ ብለው። አፋቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ፈረቃ ይደርስብኛል ብለው ተነሱ። ባሌ “ልሸኝሽ” ብሎ ጃኬቱን አንስቶ ተከተላቸው።

እምዬ በሩ ላይ ደረቱን በእጃቸው ገፋ አድርገው አቆሙት። “አይሆንም፣ አንተ ግባ። ሴቶቹ ካንተ ጋር እንዳያዩኝ” አሉት።