ምድጃ ያላት መኪና

የመተማው አቶ እንግዳውና የጎንደሩ የእህቱ ባል ታጠቅ አንድ ዓይነት አሮጌ ስቴሽን ዋገን አላቸው። የእንግዳው በሱዳን በኩል የገባች ናት፤ የታጠቅ ከአዲስ አበባ የተገዛች። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ ለሱዳን የተሠራችው ግን ማሞቂያ የላትም። አፉ የማያርፈው እንግዳው በዚህ ይኮራል። «ያንተዋ ምድጃ ተሸክማ ቆላ ትወርዳለች!» እያለ አማቹን ባገኘው ቁጥር ይስቅበታል።

በግንቦት፣ ታጠቅ ከነቤተሰቡ ለጥየቃ መተማ ወርዶ ሳለ፣ ሁለቱም ቤተሰባቸውን ጭነው ከመተማ ለዘመድ ሠርግ ወደ ጎንደር ተነሡ። ሸሕዲን አልፈው ዳገቱን እንደያዙ የእንግዳው ሞተር ፈላና መኪናዋ በእንፋሎት ተሸፍና ቆመች። ጀሪካን ይዞ ራዲያተሩ እስኪበርድ ሲጠብቅ ታጠቅ ከኋላ ደርሶ ቆመለት፤ መስኮቱ ሁሉ ክፍት፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ።

«ያንተዋ አልፈላችም?» አለ እንግዳው።

«ልትፈላ ስትል ማሞቂያውን ለቀቅሁት። የሞተሩን ትኩሳት ወደኛ ይተፋዋል። እኛ ተቀቀልን እንጂ እሷስ ደኅና ናት።»

እንግዳው እጁን በመስኮቱ ሰደደ። ትኩሱ አየር መዳፉን ለበለበው።

ቆላ ተወልዶ ቆላ ያረጀው ሰውዬ በሙቀት ሲቀና ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።