የድስቱ ሰዓት

እንኳየሁ የኤሌክትሪክ ድስቱ ላይ ያየችው ቁጥር ምን ማለት እንደነበር የገባት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከቤት ከወጣች ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የአንዲት እናት ካርድ እየፈለገች ቀና ስትል የግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗ አረፈ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ስትወጣ የድስቱ መስኮት ስምንት ይል ነበር። አይታዋለች። አይታ አልፋዋለች።

ሰዓቱን የሞላችው ልጇ መቅደላዊት ናት፣ ስልኳን እያየች በፈረንጅ አቆጣጠር። እንኳየሁ ማብቂያውን «አሥራ ሁለት» ብላ ስትጫን ደግሞ የማታውን ማለቷ ነበር። ለድስቱ ግን አሥራ ሁለት እኩለ ቀን ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ጠፍቷል። አሥር ሰዓት መብሰል የነበረበት ሽምብራ አራት ሰዓት ብቻ በስሎ፣ ይኸው እንደተዘፈዘፈ ቁጭ ብሏል።

ሌላ ቀን ቢሆን ዳቦ በሻይ ተበልቶ ይታደራል። ዛሬ ግን የባሏ የባዬ ታላቅ እህት፣ የቄስ ሚስት የሆነችው ሰብለ ወንጌል ከማክሰኝት ትመጣለች። ነገ ጠዋት ደግሞ እንኳየሁ ለአለቃዋ የመልስ ደብዳቤ መስጠት አለባት። ስምንት ዓመት በግማሽ ቀን ከሠራች በኋላ ሙሉ ቀን እየሠራች ክፍሉን እንድታስተባብር ጠይቀዋታል። ዛሬ ሙሉ ቀን የምትውለውም ለሙከራ ነው። ባዬ እሺም እምቢም አላለም፤ «እራቱ ካልተጓደለ» ብቻ ብሏል። እህቱ ግን በስልክ አልተግደረደረችም። ሴቲቱ ሙሉ ቀን ውጭ የምትውልበት ቤት እሳቱ ይጠፋል፣ እስቲ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ ብላለች።

ስሎው ኩከር የሚሉትን ይህን የኤሌክትሪክ ድስት የገዛችው ለዚሁ ብላ ነው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት አራዳ ከሚገኝ ሱቅ። ባለሱቁ ሦስት ደረደረላት። እንኳየሁ ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ የሚታያት አደጋው ነው፤ ሲቃጠል፣ ሲሰበር፣ ሰው ላይ ሲደፋ። ቀላሉን ብረት ድስት መብራት ሲጠፋ ቶሎ ይቀዘቅዛል ብላ ተወችው። ትልቁን ለድግስ እንጂ ለሦስት ሰው አይሆንም አለች። መካከለኛውን፣ ውስጡ ከባድ ሸክላ የሆነውን መረጠች፤ ሙቀት ይይዛል፣ ለማጠብም ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽታው የተለወጠ እየመሰላት አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። አንድም ቀን አላረረም። እንፋሎቱ ስለማይወጣ ውኃ መቀነስ፣ ሽንኩርቱንና በርበሬውን አስቀድሞ ማቁላላት እንደሚገባ ራሷ ደረሰችበት።

አሁን ባጃጅ ይዛ ብትሮጥ በሃያ ደቂቃ ቤት ትገባለች። ፈቃድ ልትጠይቅ የአለቃዋ በር ላይ ቆመች፤ ለማንኳኳትም እጇን አነሣች። ዛሬ ለሽምብራ ብዬ ከወጣሁ ሥራውን እኔው እምቢ አልኩት ማለት ነው፣ ስትል አሰበች። እጇን አወረደችና ተመልሳ የእናትየዋን ካርድ ፈልጋ አገኘች።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቤት ስትደርስ ሰብለ ወንጌል ክዳኑን ከፍታ ቆማ ነበር። አንዷን ሽምብራ በጥርሷ ሰብራ አሳየቻት።

«ዕቃሽ እንቅልፍ ወስዶታል። ጥርሴን ማክሰኝት ትቼው መምጣት ነበረብኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንኳየሁ ይቅርታ ትደረድር ነበር። «ዕቃው አልተሳሳተም፣ እታለም» አለች። «ሰዓቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ሽምብራውን ቀመሰች፤ አልኮመጠጠም። ክዳኑን ገጥማ ድስቱን በከፍተኛው አበራችው።

«ምነው እቴ፣ ከሰል አያይዤ ባንድ ሰዓት አደርስልሽ የለ? ስጪኝ።»

«አልሰጥሽም። ዛሬ አንቺ በከሰል ካደረስሽው ነገ ሥራሽን ተዪ የምትይኝ በሱ ነው። እራት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የራበው አዋዜ በእንጀራ አለ።»

ባዬ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እንኳየሁ ቢላዋና አራት ራስ ሽንኩርት ፊቱ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ?»

«አንተ። ለነገ ነው፤ ነገም ማታ እንበላለን።»

እህትየው ወንድሟን ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ሽንኩርቱን አገላብጦ አየና ጫፉን መቁረጥ ጀመረ።

እንኳየሁ ሥራውን እቀበላለሁ የሚለውን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሽምብራው ሳይበስል ሊቀር ይችላል። መብራቱ አሁን ሊጠፋ ይችላል። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ነገር ሊበላሽባት ይችላል። ሁሉንም አሰበች። ፈረመች።

«ሳይበስል ፈረምሽ?» አለች ሰብለ ወንጌል።

«ሳይበስል።»

አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ሦስቱም ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። መብራቱ ግን አልጠፋም። ሰብለ ወንጌል ፈገግታዋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ የማን ጸሎት እንደያዘው እንጃ አለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገና ነበር፤ እንኳየሁም ገና ነው ብላ አላቀረበችም። የቀረበው ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ሰብለ ወንጌል አንዷን ፍሬ በጣቷ ተጫነች፤ ተዳጠች። ጨው ያንሰዋል አለች፣ ጨው ጨመረች፣ ሁለተኛ እንጀራም ጠየቀች። ከማዕድ ስትነሣ የማክሰኝቱ ባለሱቅ ይህን ዕቃ ያመጣ እንደሆነ ሲነጋ እጠይቃለሁ አለች፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሆና።

ባዬ ዓይኖቹ ቀልተው ሽንኩርቱን በሰሐን ሸፈነ። እንኳየሁ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ሌባ ፈርታ ወደ ውጭው በር ሄደችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙራ ቆለፈችው።